ድሬዳዋ፣ እናቴ አልጋ ስር

ልጅ እያለሁ ከለገሃር የሚነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የሚደርሰው እናቴ አልጋ ስር ነበር። ቤታችን ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ክፍልና ከኋላ የተለጠፈች ኩሽና ያላት የቀበሌ ቤት ነበረች። ከትምህርት ቤት ስመለስ አንገቴ ላይ ባንጠለጠልኩት ቁልፍ በሩን ከፍቼ፣ እናቴ ከቢሮ እስክትመጣ ብቻዬን እቀመጣለሁ። እህት ወንድም የለኝም። እናቴ ታይፒስት ነበረች፤ አባቴ የባቡር መካኒክ።

አባቴ ድሮ ለገሃር ነበር የሚሠራው። አራተኛ ክፍል ስገባ ወደ ድሬዳዋ አዛወሩት። መጀመሪያ አካባቢ በየወሩ ይመጣል፤ ሻንጣው ሲከፈት ቤቱ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል፣ ሲያቅፈኝ ደግሞ እጁ ግሪስ። ከዚያ ለበዓል ብቻ ሆነ። ከዚያ በዓሉም ያለ እሱ ማለፍ ጀመረ። እናቴን ስጠይቃት «ሥራ በዝቶበት ነው» ትለኝና ወደ ኩሽና ትገባለች።

እንግዲያው መንገዱን እኔ ልሥራው አልኩ። ከክፍል ይዤው በመጣሁት ስባሪ ጠመኔ ሊሾው ላይ መስመሩን አሰመርኩ። በሩ ሥር ለገሃር፣ ሶፋው እግር ሥር አቃቂ፣ ቡፌው ጥግ ናዝሬት፣ ከዚያ አዋሽ። ድሬዳዋን አልጋው ስር ያደረግኳት ከበሩ በጣም የሚርቀው ቦታ እሱ ስለነበር ነው።

ሐዲድ የሚሆን ነገር ግን አጣሁ። ሸንበቆ ሞከርኩ፤ ጎበጠብኝ። አንድ ቀን ሰፈራችን መግቢያ ላይ ጃንጥላ የሚጠግኑት ጋሽ ሸምሱ ዘንድ የተሰባበረ የጃንጥላ ሽቦ ተከምሮ አየሁ። ቀጥ ያለ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ሽቦ።

«ይኼ ለምንሽ ነው?» አሉኝ።

«ለሐዲድ።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ድሬዳዋ።»

ጋሽ ሸምሱ በእጃቸው የያዙትን ጃንጥላ አስቀመጡና ትንሽ አዩኝ። «ድሬዳዋ ከሆነማ ይኼ አይበቃሽም» አሉ፤ «ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ ውሰጂ።»

ወሰድኩ። ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆች የሚጥሉትን የአይስክሬም እንጨት እየለቀምኩ አጠብኩት፤ ሐዲዱን የሚሸከመው አግዳሚ ሆነ። ሽቦውን በቀጭን ክር እንጨቱ ላይ አሰርኩና እንጨቱን በረዣዥም የካርቶን ቁራጭ ላይ ለጠፍኩ። ባቡሩ የሰርዲን ቆርቆሮ ነው፣ እግሩ ቆርኪ። ከኋላው የክብሪት ቀፎዎች ይጎተታሉ። ቤቱ ውስጥ የሙጫና የእርጥብ ካርቶን ሽታ ነበር፤ ዛሬም ሙጫ ሲሸተኝ የዚያን ጊዜ ዝናብ ጣሪያው ላይ ሲወርድ እሰማዋለሁ። ውጪ ልጆቹ ካፊያው ሲያባራ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ። ይጠሩኛል። አልወጣም። እኔ በሌለሁበት አባቴ ቢመጣስ?

እናቴ ማታ ከሥራ ስትገባ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ናዝሬትን ትሻገራለች። አንድም ቀን አንሺው ብላኝ አታውቅም። ወለል ስታጸዳ እንኳ በጨርቅ ጥግ ጥጉን ነበር የምትወለውለው።

አባቴ የመጣው ሳናስበው፣ አንድ እሁድ ከሰዓት ነው። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አስገባና ቆመ።

«ለገሃርን ልትረግጣት ነው!» አልኩት።

ሳቀ። ሻንጣውን ውጪ አስቀምጦ ጫማውን አወለቀ። ሐዲዱን ተከትሎ እየዳኸ አልጋው ስር ገባና ረጅም ጊዜ ሳይወጣ ቆየ። ሲወጣ ፀጉሩ ላይ አቧራ ነበረበት። «ሁሉም ልክ ነው» አለኝ፤ «አንድ ነገር ብቻ ቀርቶሻል። ቁልቁለቱ። ከአዲስ አበባ ወደዚያ ስትሄጂ ቁልቁለት ነው። ዳገቱ ሲመለሱ ነው።»

ከዚያ ጡብ፣ የጫማ ካርቶንና የትምህርት መጽሐፎቼን ከሐዲዱ ሥር እየደረደርን የለገሃርን ጫፍ ከፍ፣ የድሬዳዋን ዝቅ አደረግነው። ባቡሩን ለቀቅኩት። ማንም ሳይጎትተው በአቃቂ፣ በናዝሬት አልፎ፣ አዋሽን ተሻግሮ አልጋው ስር ገባ። ጮህኩ፤ አጨበጨብኩ። አባቴም አጨበጨበ። እናቴ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ታየን ነበር፤ እሷ አላጨበጨበችም።

በማግስቱ ጠዋት ሄደ። ከዚያ በኋላ አልመጣም።

በዓል መጥቶ ሄደ። እናቴ አጠገቧ አስቀምጣኝ ፀጉሬን እየሠራች «አባትሽ እዚያ ቤት ሠርቷል» አለችኝ።

ደስ አለኝ። «ስንት ክፍል ነው?»

እጇ ፀጉሬ ውስጥ ቆመ። «ልጅም አለው» አለች። ሹሩባውን ጨረሰችልኝ።

ሐዲዱ ከዚያ በኋላም ብዙ ቆየ። ዝገት ጀመረው። ለገሃር የነበረው እውነተኛው ባቡርም ቆመ ሲባል ሰማሁ፤ አልደነቀኝም። አንድ ቀን ብቻዬን ቁጭ ብዬ ክሩን እየፈታሁ ነቀልኩት። ሽቦውን ለጋሽ ሸምሱ መለስኩላቸው። ተቀብለው ክምሩ ላይ ጨመሩት። በዚያ ሽቦ የስንቱ ጃንጥላ ተጠግኖ እንደሆነ እንጃ።

አሁን ያ ሰፈር የለም። ቤቶቹ ፈርሰው ሰፊ መንገድ ወጥቶበታል፤ ባልፍ እንኳ በራችን የት ጋ እንደነበረ አላውቀውም። እኔና እናቴ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባን። ወደ ድሬዳዋም አዲስ ባቡር አለ፤ የቢሮ ጓደኞቼ ደርሰው መጥተዋል። እኔ አልሄድኩም።

እናቴ አምና ከማረፏ በፊት አንድ ቀን ጠየቅኳት። «እንደማይመጣ ስታውቂ፣ ያን ሁሉ ቆሻሻ ቤት ውስጥ ስደረድር ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ አዳምጥሽ ነበራ» አለችኝ። «ብቻሽን ሆነሽ ጣቢያ ስትጠሪ፣ ተሳፋሪ ስትቆጪ። በቃ፣ ቤቱ ሰው የሞላበት ይመስለኝ ነበር።»

ዛሬ ከሥራ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ቴሌቪዥኑን መክፈት ነው። የሚያወራውን አልሰማውም። ራት እስካቀርብ ድረስ እንዲያወራ እተወዋለሁ።