ጋሼ ያሰኘኝ እብጠት

በስምንት ዓመቴ እኩዮቼ «ጋሼ» ይሉኝ ነበር። በዕውቀቴ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ያኔም አልነበረኝም፣ ዛሬም ብትፈልጉ አታገኙትም። ሸዋ ሮቢት፣ ወንዝ ወርደን ራቁታችንን ስንዋኝ፣ የግራ ቆለጤ ከቀኙ በልጦ ሎሚ አህሎ ስለታየ ነው። አያመኝም። እኔም ከሁሉም ቀድሜ ለአቅመ አዳም የደረስኩ መስሎኝ፣ «ታላቃችሁን አክብሩ!» እያልኩ ከእኔ በፊት ውሃ እንዳይገቡ ከለከልኳቸው።

እናቴ ለበዓል ገላዬን ስታጥበኝ አየችውና ጮኸች። በማግስቱ አባቴን ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሰደደችው፤ በዚያ በደርግ ዘመን ድሃ በነፃ የሚታከመው የማኅበሩን ደብዳቤ ይዞ ነበርና። ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ነው።

«ልጁ ምኑን ነው የታመመው?» አለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

አባቴ ዙሪያውን ቃኘ። አማቱ ፊት ለፊት ተቀምጣለች።

«ሆዱን» አለ። ተጻፈ፤ ማኅተም ተመታበት።

ደብረ ሲናን ወጥተን አዲስ አበባ ገባን። ሐኪሙ ደብዳቤውን አነበበና ሆዴን ይዳስስ ጀመር።

«እዚህ ጋ ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«እዚህስ?»

«አያመኝም።»

«የወስፋት መድኃኒት ይበቃዋል» አለ። አባቴ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ማኅተም ያረፈበትን ቃል እንዴት ይለውጥ? እኔን ግን ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ ማንም ሳያደንቀኝ መመለሱ አናደደኝ።

«ዶክተር፣ ዋናውን ሳያዩት!» ብዬ ቁምጣዬን አወረድኩ።

ሐኪሙ ሳቀ። ከዚያ ነካ ሲያደርገው ሳቁ ጠፋ።

«አባባ፣ ይኼ ዕጢ ነው። ከነፍሬው ካልወጣ ወደ ሌላ አካሉ ሄዶ ይገድለዋል።»

«ያለኝ ወንድ እሱ ብቻ ነው፣ ጓድ ሐኪም። ኋላ በምን ይወልዳል?»

«በቀረው። መጀመሪያ ግን ይኑር።»

አባቴ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። ብሽሽቴን ቀደው አወጡት፤ ተመልሶ እንዳይመጣ እያሉም ዓመት ሙሉ አመላለሱኝ።

ወንዝ ስወርድ እኩዮቼ ጠባሳዬን ከበው መረመሩና «በል፣ አሁን ከኋላ ተሰለፍ!» አሉኝ። ማዕረጌን እንዲህ ተገፈፍኩ።

አባቴ ግን ከተዳርኩ በኋላም አላረፈም። ሚስቴን ባየ ቁጥር «ምግብ ይስማማሻል?» ይላት ነበር። የመጀመሪያዋ ልጄ በተወለደች ቀን አንዱ የወንዝ ጓደኛዬ መጣና ደጃፉ ላይ ቆሞ እጅ ነሳ።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ጋሼ!»

አባቴ ግራ ገባው። «ምነው፣ እኩያህ አይደል እንዴ?»

በዚህ ጊዜ ለማስረዳት ብዬ ሱሪዬን አላወረድኩም።