የሐምዲያ ሰባት እልልታ

ሐምዲያን ዛሬ ቡሪ በተባለው የካርቱም ሰፈር ውስጥ የማያውቃት የለም። ያኔ ግን ስሟ ከአንድ ግቢ አይዘልም ነበር።

ከወሎ ወጥታ ካርቱም ስትገባ የያዘችው ምክር አንድ ነበር፤ «አፍሽን ዘግተሽ ሥሪ።» የመኖሪያ ወረቀቱ፣ ኢቃማው፣ አልነበራትም። ወረቀት የሌለው ሰው ድምፁ እንዲሰማ አይፈልግም። በሐጃ ኒዕማ ቤት አምስት ዓመት ስታጥብ፣ ስትጠርግ፣ ስትቀቅል ጎረቤቱ «ዲዳዋ ሐበሻ» ይላት ነበር። እሷም አልከፋትም፤ ዲዳን ማንም አይጠይቅም።

የሐጃ ልጅ ሉጥፊያ ግን ዝምታ ያልፈጠረባት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ሻሿን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ሱሪ ታጥቃ፣ ከጓደኞቿ ጋር የግቢውን የውጭ ግድግዳ በሥዕል ትሞላዋለች። ከመካከላቸው የጎረቤቱ ልጅ ሙስዐብ ጎፈሬውን እንደ እንቅብ አበጥሮ ይመጣል። ፖሊስ ሁለት ጊዜ ይዞ በመቀስ ከርክሞታል።

«ይህን ጫካ ምን ያደርግልሃል?» ትለዋለች ሐጃ።

«እኔ መች አሳደግሁት ሐጃ? እነሱ በቆረጡት ቁጥር ነው የሚበዛው።»

ሐምዲያ በልቧ ሥራ ፈቶች ትላቸዋለች። ቢሆንም ሲዘፍኑ ለመስማት ወጡን ቀስ ብላ ነበር የምታማስለው።

ብርዱ በገባ ሰሞን በመንግሥት ላይ የተነሣው ተቃውሞ ከግድግዳ አልፎ መንገድ ወጣ። ወጣቶቹ ለሰልፍ መነሻ ምልክት አበጁ። ሐሙስ ቀን ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን አንዲት ሴት ከአንድ ቤት እልል ትላለች፤ ያኔ በየቅያሱ አድፍጦ የሚጠብቀው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ሐምዲያ ይህን አታውቅም። ለዲዳ ማን ይነግራል?

አንድ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጣራ ላይ ልብስ እያሰጣች ሳለ ከወሎ ተደወለላት። ስምንት ዓመት ልጅ አጥታ የኖረችው እህቷ ጦይባ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። በሀገሯ ለሴት ልጅ ሦስት፣ ለወንድ ሰባት እልልታ ነው። ሐምዲያ ምክሩንም ኢቃማውንም ረሳችና ለቀቀችው። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ከታች መንገዱ ሲናወጥ ሰማች። ሰባቱን ሳትሞላ ግን አላቆመችም፤ የልጅ እልልታ አይጎደልም።

ቁልቁል ብታይ ቅያሱ በሰው ተሞልቷል። ሰባት ሰዓትን ያሰቡት ፖሊሶች ገና አልደረሱም። ሰልፈኛው ቡምባን የሚሉት ዐይን የሚያቃጥል ጢስ አንድም ሳይተኮስበት ዋናው አስፋልት ድረስ ዘለቀ።

አሥር ሰዓት ላይ ሙስዐብ ግቢው ገባ። «ዛሬ ያለሰዓቱ እልል ያለችው ማን ናት?»

ሐምዲያ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «እኔ ነኝ። እህቴ ጦይባ ወልዳ ነው። ወላሂ ሌላ ነገር አላሰብሁም።»

ሙስዐብ አፉን ከፍቶ ወደ ሉጥፊያ ዞረ። «ዲዳ አልነበረችም እንዴ?»

«አንተን ስታይ ነው ዲዳ የምትሆነው» አለች ሉጥፊያ።

ሳቁ ሲበርድለት፣ «በይ እህቴ፣» አላት፣ «ለሚመጣው ሐሙስም ጦይባ አንድ ትውለድልን። ሰዓቱን ግን እንዳትስቺ።»

ሐጃ ኒዕማ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። «ሐምዲያ፣ ዳግመኛ ከጣራዬ ድምፅሽ ቢሰማ ጨርቅሽን ጠቅልለሽ ትወጫለሽ። ወረቀት የለሽም፤ አስቢበት።»

ሳምንቱን ሙሉ አሰበችበት። ከዚህ ቤት ከወጣች መግቢያ የላትም። ግን እዚህ አገር እስከዚያ ቀን ሰው የፈለገው እጇን እንጂ ድምፅዋን አልነበረም። ሐሙስ ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን ጣራ ወጣችና ሰባቱንም አወረደችው። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ወርዳ ጨርቋን ጠቀለለች።

ወጣቶቹ ሜዳ ላይ አልጣሏትም። ከሙስዐብ እናት ዘንድ አስጠጓት፤ አደባባይ ላይ ድንኳን ተክለው በተቀመጡ ጊዜም ትልቁን ድስት ለእሷ ሰጧት። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ቡሪ ሁሉ ያውቀዋል። ወታደር እየተኮሰ ድንኳኑን አፈረሰው፤ ብዙ ልጅ እዚያው ወድቆ ቀረ። ቆይቶ ጦርነቱ መጣና ሰፈሩን አራቆተው። ሐጃና ሉጥፊያ ወደ ግብፅ ተሰደዱ። የግድግዳውንም ሥዕል ጥይት በሳሳው።

«ያ ሁሉ ጎፈሬና ዘፈን ምን አተረፈ?» የሚል ሰው ሲመጣ ሐምዲያ ድስቱን ታሳየዋለች። እነዚያው ልጆች ለሰልፍ የተጠራሩበትን መላ ለምግብ አዋሉት። ማን ዱቄት፣ ማን ማገዶ፣ ማን ውሃ እንደሚያመጣ ተከፋፍለው ተኪያ የሚሉትን የሰፈር ወጥ ቤት አቆሙ። ስልክ በጠፋበት ወራት ምግብ መድረሱን የምታውጀው ሐምዲያ ነበረች። ለምስር ሦስት እልልታ፣ ሥጋ ከተገኘ ሰባት። እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው።

በቅርቡ ሰው ወደ ካርቱም መመለስ ሲጀምር ሐጃ ኒዕማም መጣች። ቤቷ ተዘርፎ ምድጃ እንኳ አልቀረላትም። አንድ ቀን ሳህን ይዛ ከተሰለፈው ሰው መጨረሻ ቆመች። ሐምዲያ አየቻትና ወደ ፊት ጠራቻት።

«አሁንም አፍሽ አልተዘጋም?» አለች ሐጃ መሬት መሬት እያየች።

«ቢዘጋ ኖሮ ምሳ መድረሱን በምን ያውቁ ነበር?»

ሐጃ ሳትወድ ሳቀች። «ሦስት ነው የቆጠርሁት።»

«ምስር ነው እንግዲህ። ሥጋ የተገኘ ዕለት ከእርስዎ ጣራ ላይ ነው የምለው።»

«ደረጃው ተሰብሯል።»

«ሙስዐብ ይጠግነዋል። ጎፈሬውን ካላስቆረጡት።»

ለዓርብ አንድ ደግ ሰው በግ ሰጠ። ሐምዲያ በተጠገነው ደረጃ ወጥታ፣ የድሮው የልብስ ማስጫ ገመድ አጠገብ ቆመችና ጀመረች። ስድስተኛው ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆም ስትል ሐጃ ኒዕማ ከታች፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች።

«ያላ ሐምዲያ! አንድ ይቀርሻል!»