ማግኔቷና የጉድጓዱ ውሃ

የፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ክፍል ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ቢጫ ጄሪካን ነው። ክዳን ስለሌለው አፉ በፌስታል ታስሯል። አጠገቡ አንዲት ትልቅ ሴት ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል።

«በምን አመጡሽ?» አሉኝ።

«በውሃ።»

ሳቁ። «እኔም በውሃ ነው።»

ከሰሚት ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ፣ ድሮ የእርሻ መንደር ከነበረው ሰፈር ናቸው። «ፋብሪካው ጉድጓዳችንን መረዘው» ብለው ጎረቤት አስተባብረው በመጮሃቸው፣ ሐሰተኛ ወሬ ነዝተዋል ተብለው ታሰሩ። እኔ ደግሞ ከዚያው ጉድጓድ ውሃ ቀድቼ ታክሲ ስጠብቅ ነው የተያዝኩት። ቦርሳዬ ውስጥ የውሃው ጠርሙስ፣ ከአሮጌ ስፒከር የነቀልኳት ማግኔትና ጥቁር ዱቄት ነበር። ጥቁር ዱቄት! ያውም የፈንጂ ወሬ በበዛበት በዚያ ሰሞን!

ለምርመራ ስጠራ መርማሪው ዱቄቱን ከሩቅ ሆኖ ነው ያየው።

«ፈንጂ ነው መርዝ?»

«ናኖ ነው ጋሼ። በጣም የደቀቀ የብረት ብናኝ። ለትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ነው። ውሃ ውስጥ ያለው ሊድ የሚባል ከባድ ብረት ይለጠፍበታል፣ ከዚያ ሁለቱንም በማግኔት እንስባቸዋለን።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ዱቄቱን ጨምሬ ጠርሙሱን ናጥኩት። ቀለም መሰለ። ማግኔቷን ከጎኑ ሳስጠጋ ጥቁሩ ሁሉ ወደሷ ተሰበሰበና ውሃው ጥርት አለ። እዚያም ሆኜ ፈገግታዬን መደበቅ አቃተኝ። እሱም ወንበሩን ሳበ።

«በቃ፣ ጠጪውና ወደ ቤትሽ ሂጂ። እኔም የጉድጓዱን ውሃ ፊቴ ጠጥታለች ብዬ እጽፋለሁ።»

ጠርሙሱን አነሳሁ። ሲኤምሲ ቤታችን ሆና በር በሩን የምታየው እናቴ መጣችብኝ። ቀጥሎ ፍራሹ ላይ ያሉት ሴትዮ።

«አልጠጣም።»

«የራስሽን ሥራ አታምኚውም?»

«ገና አልተለካም። ሊድ ደግሞ በዓይን አይታይም።»

«እንግዲያው ተመለሺ» አለና በሩን አሳየኝ።

ሴትዮዋ እየጠበቁኝ ነበር። የሆነውን ነገርኳቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ! ጠጥተሽ አትወጪም ነበር?»

«እርስዎ ውሸታም ሊባሉ?»

ፍራሹ ላይ ፈቀቅ ብለው በግድግዳው በኩል ቦታ ለቀቁልኝ።

«እዚህ ሁኚ። በሩ ጋ ብርድ አለ።»

ከቀናት በኋላ ሁለታችንም ተፈታን። ዱቄቱ እዚያው ቀረ፤ ማግኔቷን ከጫማዬ ማሰሪያ ጋር መለሱልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ጉድጓዱ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ባልዲውን የሳቡት ሴትዮዋ ናቸው። ውሃው እንደ መስታወት ነበር። አዲስ ጠርሙስ ሞላሁና በትልቁ «ያልተለካ» ብዬ ጻፍኩበት።