እምቢታዬን ያመነው ሰው

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ። ከሥራ መልስ ግን የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጆቹ ቀን የምትለውጥ አንዲት ፕሮግራም አበጃለሁ። ኮዷ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ያለ ክፍያ ይገለገልባታል። ጳጉሜን ውስጥ የተወለደ ሰው ክሊኒክ ሄዶ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ «እንዲህ ያለ ወር የለም» ብሎ እንዳያሳፍረው የምከላከለው እኔ ነኝ። ይህን ታላቅ ኃላፊነት ማን እንደ ሰጠኝ አላውቅም።

ስሕተቶቿ እየተከማቹ ሄዱ። ቅዳሜን ከካርቶን ነጻ ካላወጣሁ ፕሮግራሟን መተዌ ነበር።

በዚህ መካከል ፕሮግራሟን የሚጠቀም አንድ የማላውቀው አሜሪካዊ ጻፈልኝ። እንደ እኔ ነጻ ፕሮግራም ለሚያበጁ ሰዎች በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ክሪፕቶከረንሲ ይልካል፤ ለእኔም ሊልክልኝ ይወዳል። ባሰላው የቅዳሜ ደመወዜን ይተካልኛል። ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ሆኖም በሥርዓት ያደግሁ ሰው ነኝና «ከልብ አመሰግናለሁ፤ ግን ፈጽሞ አያስፈልግም» ብዬ መለስሁለት። ከዚያም ደግሞ እስኪለምነኝ ተረጋግቼ ጠበቅሁ።

«ውሳኔህን አከብራለሁ» አለኝ።

በስደት በምኖርበት በኖርዝላንድ ሰፈር ቤዝመንታቸውን ያከራዩኝን ጋሼን አማከርኋቸው።

«ኦፈር አደረገልህና እምቢ አልህ?»

«ጨዋነት ነው እኮ ጋሼ። ይለምነኛል ብዬ ነው።»

«ሰውየው አክስትህ መሰለህ እንዴ? "በሞቴ" ብሎ እንዲያጎርስህ ነው? በል ቴክስት አድርገው! "እፈልጋለሁ" በለው፤ አለቀ።»

ያቺን አንዲት ቃል መጻፍ ግን አቃተኝ። በምትኩ መግቢያና መደምደሚያ ያለው ደብዳቤ አዘጋጀሁ። ባደግሁበት አገር የመጀመሪያው እምቢታ እንደ ሰላምታ እንደሚቆጠር፣ ሁለተኛው ትሕትና እንደሆነ፣ እውነተኛው መልስ የሚገኘው ከሦስተኛው ልመና በኋላ ብቻ እንደሆነ በዝርዝር አብራራሁ። ገንዘብ እንደምፈልግ ግን በየትኛውም አንቀጽ አልጠቀስሁም።

መልሱ ፈጥኖ መጣ፦ «ገባኝ። እባክህ ውሰድ። እባክህ። እባክህ።»

«እንግዲህ ይህን ያህል ካስጨነቅኸኝ ምን ይደረጋል» ብዬ ተቀበልሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የእኔ ሆነች። ችግሩ ሰውየው ወጉን መውደዱ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ክፍያውን ከማደሱ በፊት ይለምነኛል፤ እኔም በወጉ እምቢ እላለሁ። ባለፈው ወር ሁለተኛውን «እባክህ» ላከና ዝም አለ። ስልኬን አፍጥጬ እያየሁ ተቀመጥሁ። ካርቶኖቹ በዓይኔ መጡብኝ።

«ዛሬም እየኮራህ ነው?» አሉ ጋሼ ከደረጃው ላይ።

ትሕትናዬን ሁሉ ጣልሁና «እሺ» ብዬ ጻፍሁ።

ሰውየው ቅር ብሎት መለሰልኝ፦ «ምነው? ገና አንድ ይቀረኝ ነበር እኮ።»