ማዳም ያሳረመችኝ ፈተና

በ2009 ዓ.ም. ሳውዲ አረቢያ፣ አል ኹበር ውስጥ አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ቤት በሠራተኝነት ሳለሁ የገጠመኝ ነው። ዛሬ አገሬ ገብቼ ስለማስተምር፣ ወረቀት ባረምኩ ቁጥር ይመጣብኛል።

ሂሳብ ተምሬ ነው የሄድኩት። ማዳም ይህን ያወቀችው ልጇን የቤት ሥራ ሳስጠናው አይታ ነው። በፈተና ሰሞን አንድ ክምር የምርጫ ጥያቄ ወረቀት ከነመልሱ ሰጠችኝና «አርሚልኝ፤ ለማንም ግን እንዳትተነፍሺ» አለችኝ። የተማሪዎቿን ወረቀት ማረም የእሷ ኃላፊነት ነው። የቤት ሠራተኛ እንዳረመችው ከተሰማ ሥራዋን ታጣለች።

እኔ ግን ቀይ እስክሪብቶ ስይዝ ልቤ አበጠ። መወልወያውን ጥዬ፣ እግሬን አነባብሬ ፕሮፌሰር ሆንኩ።

ከሳምንት በኋላ ማዳም በስልክ ስትቆጣ ሰማሁ። የደወለችው ኑራ የምትባል ተማሪ ናት፤ ይህን ትምህርት ከወደቀች ከዩኒቨርሲቲው ትባረራለች። «ኸላስ! አበቃ፤ ወድቀሻል» ብላ ዘጋችባት።

ማዳም ስትወጣ የኑራን ወረቀት ፈልጌ አየሁት። ፈተናው ሁለት ዓይነት ነበር፤ የእሷ ወረቀት ተደባልቆብኝ በሌላኛው መልስ አርሜዋለሁ። በትክክለኛው ሳየው አልፋለች።

ብናገር የሚመጣብኝን አውቃለሁ። ማዳም «ጠፍታብኛለች» ብላ ሁሩብ፣ የኮበለለ ሠራተኛ ክስ፣ ካስመዘገበችብኝ እስር ቤት ነኝ። ስትመጣ ግን ነገርኳት።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። በሩን ዘጋችና «ለማን ነገርሽ?» አለችኝ።

«ለማንም፣ ማዳም። ውጤቷን ብቻ አስተካክይላት።»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አለች። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትታ ቆለፈችበት። ስልኬንም ወሰደችው።

በአራተኛው ቀን የቤቱ ሾፌር «ሻንጣሽን ያዢ» አለኝ። ወዴት ብለው ሻንጣዬን ነጥቆ መኪናው ውስጥ ከተተው። መኪናው በታጠፈ ቁጥር ፖሊስ ጣቢያ ወሰደኝ እያልኩ ስሰጋ ደማም አየር ማረፊያ ደረስን። ፓስፖርቴንና ስልኬን ሰጠኝ። ለካ ማዳም የመውጫውን ቪዛ፣ ኹሩጅ የሚሉትን፣ አስመትታ ጨርሳለች።

በመባረሬ አልቆጭም። የሚያንገበግበኝ ኑራ ትለፍ ትውደቅ ሳላውቅ መምጣቴ ነው። ከስሟ በቀር ስለ እሷ የማውቀው የለም፤ እሷም የእኔን መኖር አታውቅም። በአንድ ቀን ጉራዬ የሰው ልጅ ከትምህርቷ አስባርሬ ይሆናል። ይህን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።