ትራክተሩን የተጫኑት ጎረቤቶቼ

ዳሞታ ተራራ ሥር ያለው ማሳዬ ዳገቱ ጨረቃን ይነካል። የተዋስኩት ትንሽ ትራክተር ማረሻውን ከኋላ ተሸክሞ ሽቅብ ሲል ፊቱ ብድግ እያለ አስቸገረኝ። ነገ ይመለሳል፤ ዛሬ ካላረስኩ የድንች ዘሬ ጆንያ ውስጥ መብቀሉ ነው። እልህ ያዘኝ! እያንዳንዳቸው ወይፈን የሚያህሉ አራት ጎረቤቶቼን ጠርቼ፣ ከፊት ባሰርኩት ሳንቃ ላይ ደርድሬ አስቀመጥኳቸው።

«ዝሆን ቢጎትተን አንነሳም፣ ጋሼ!» አሉኝ።

እውነትም የትራክተሩ ፊት መሬት ያዘ። ዳገቱን አጋምሰን ሳለ ግን መቶ ዓመት ያለፋቸው የሚስቴ እናት በምርኩዝ ብቅ አሉ። አራቱም እንደ ወጉ «ኖር!» ብለው ዘለው ወረዱ። ትራክተሩ እኔን ሰማይ ላይ ሰቅሎ በኋላ ጎማዎቹ ላይ ቆመ።

እማማ ደንግጠው እጃቸውን ዘረጉ፤ «በጌታ ተቀመጡ! ኧረ ትራክተሩም ይቀመጥ!»