ከሆቴሉ ዕቃ ቤት የወጣው ኮምፒውተር

ወንድሜ በኮምፒውተር ተመርቆ ላሊበላ ከተመለሰ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ወልድያ ወርዶ ይመዘገባል፤ ባዶ እጁን ይመለሳል። እናታችን "ልጅሽ ሥራ ያዘ ወይ?" ስለሚሏት ማኅበር መሄድ ተወች።

እኔ ክፍል የማጸዳበትን ሆቴል በዚያ ሰሞን እንግዳ ራቀው። አገሩ ተረብሾ ፈረንጅ ቀረ፤ ኢንተርኔትም ተዘጋ። ሥራ ስንፈታ ሥራ አስኪያጁ ዕቃ ቤቱን አስጠረጉን። ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር የድሮው የእንግዳ መቀበያ ኮምፒውተር ተገኘ።

"ልውሰደው ጋሼ?" አልኳቸው።

"ውሰጂው፤ የሚጣል ነው።"

በባጃጅ አመጣሁት። ወንድሜ ግቢ ውስጥ ጆንያ አንጥፎ ፈታታው። አይጥ ጎጆ ሠርታበት ሽቦውን በልታዋለች። አቧራውን በቀለም ብሩሽ አራገፈ፤ የዛገውን በላጲስ ፈተገ። አልኮል ስላልነበረ ጥጥ አረቄ እየነከረ ወለወለው።

"ለሰው ያልበቃ አረቄ ብረት ታጠጣለህ?" አለችው እናቴ። ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

ኃይል የሚሰጠው ክፍል ተቃጥሎ ኖሮ ከወልድያ አሮጌ አስመጥቶ ቀየረው። ያኔ ኮምፒውተሩ ተነሳ።

"ምን ሊሆንህ ነው?" አልኩት።

"ሰርቨር። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የሰበሰብኳቸውን መጻሕፍት እዚህ አስቀምጣለሁ። ኢንተርኔት ባይኖርም የሰፈሩ ተማሪ በስልኩ ዋይፋይ ከኛ ቤት ይከፍታቸዋል።"

እንዳለውም ሆነ። ተማሪዎቹ ከሰዓት በኋላ አጥራችን ሥር ተቀምጠው፣ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ያነቡ ጀመር።

አንድ ጧት ሁለት የቀበሌ ሰዎች ሚሊሻ አስከትለው መጡ።

"ኢንተርኔት ተዘግቶ ወጣቱ እዚህ ምን ያያል? ከማን ጋር ነው የምትገናኘው?" አለ አንደኛው።

"ከማንም። የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ልክፈትላችሁና እዩት" አለ ወንድሜ።

ሰውየው ማየት አልፈለገም። "ጣቢያ ታስረዳለህ።"

እናቴ "በቅዱስ ላሊበላ፣ ልጄ ምን አጠፋ?" እያለች እስከ አስፋልቱ ተከተለቻቸው። እሱንም ኮምፒውተሩንም ወሰዱ።

ሲፈታ ከስቶ ነበር፤ ግራ ጆሮውም አይሰማም። ምን እንዳደረጉት አልነገረንም። ኮምፒውተሩን ልጠይቅ ስሄድ "ምርመራው አላለቀም" እያሉ መለሱኝ። እሱ ግን የኮምፒውተሩን ስም እንኳ አላነሳም። ቀን ቀን ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል።

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ "መተማ ወርጄ ልሥራ" ብሎ ሄደ። ከዚያ ድንበር ተሻግሮ ከካርቱም ደወለልኝ።

"ወደ ሊቢያ የሚያሻግሩን ሰዎች አግኝተናል።"

"ተው ወንድሜ፣ ተመለስ!"

"ተመልሼ ምን ልሁን?"

ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

ዘመዶች ቆይተው ቆይተው "ተዝካሩ ይውጣለት" ብለው መጡ። እናቴ ብድግ ብላ በሩን ከፈተች።

"መሞቱን የነገረኝ የለም። ውጡልኝ" አለቻቸው።

አንድ በአንድ ወጡ።